ረዓብን ተዉአት

በሐሰት ስለ መመስከር የተሰጠው ትእዛዝ በወጣቶች ጥናት ላይ በተነሣ ቁጥር ከኋላ መቀመጫ አንድ እጅ ይወጣል። “እሺ፣ ረዓብስ? ዋሽታ አይደል እንዴ ከእምነት ጀግኖች የተቆጠረችው?” ክፍሉ ይስቃል። አስጠኚው ጉሮሮውን ይጠርጋል። አንዱ ዕብራውያቱን አዋላጆች ይጨምራል፤ ሌላው ነቢዩ ሳሙኤልን። ሰዓቱ ያልቅና በጸሎት ይዘጋል። ሁላችንም ወደ ቤታችን የምንሄደው “ጉዳዩ ውስብስብ ነው” የሚለውን ይዘን ነው።

ውስብስብ መሆኑን አልክድም። ግን አንድ ነገር እንተማመን። ጥያቄውን የምናነሣው ጣራችን ላይ የተደበቀ ሰው ስላለን አይደለም። በራችንን የሚያንኳኳ የንጉሥ መልእክተኛም የለም። ብዙ ጊዜ የምናነሣው በዚያው ሳምንት የተናገርናት አንዲት ውሸት ስለምትቆረቁረን ነው። ከረዓብ ልንማር ሳይሆን ጠበቃ እንድትሆነን እንጠራታለን። ይህን የምጽፈው “ተዉአት” ልላችሁ ነው። ደግሞም “መዋሸት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?” ከሚለው ቀድሞ ልንጠይቀው የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ፦ የምናገረውን ቃል ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

ረዓብ ምን አደረገች?

ኢያሱ ምዕራፍ 2ን ዛሬ ማታ ደግማችሁ አንብቡት። ረዓብ ቤቷ ከኢያሪኮ ቅጥር ጋር የተያያዘ፣ በሰው ዘንድ ስሟ በክፉ የሚነሣ ሴት ነበረች። ሁለቱን ሰላዮች ሰገነቷ ላይ በተልባ እግር ክምር ሸፈነቻቸው። የንጉሡ ሰዎች ሲጠይቋት እውነቱን ብትናገር ኖሮ ምንም አይደርስባትም ነበር። ሰላዮቹ ቢገኙባት ግን የምትሞተው እርሷ ነች። ለረዓብ ቀላሉ መንገድ እውነቱን መናገር ነበር። ለእኛ ደግሞ ቀላሉ መንገድ መዋሸት ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሲፓራና ፉሐም እንዲሁ ናቸው፤ የፈርዖንን ትእዛዝ ጥሰው በፈርዖን ፊት የቆሙት የገዛ አንገታቸውን ይዘው ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ረዓብን ስለ ምን እንዳመሰገናትም ልብ በሉ። ዕብራውያን 11፥31 ሰላዮቹን በሰላም መቀበሏን ይናገራል። ያዕቆብ 2፥25 ደግሞ መቀበሏንና በሌላ መንገድ ሸኝታ ማውጣቷን ያነሣል። ለንጉሡ ሰዎች የመለሰችውን ቃል ሁለቱም አያነሡትም፤ አላወገዙትም፣ አላመሰገኑትምም።

በዚህ ዝምታ ላይ ቤተ ክርስቲያን ከ1,600 ዓመት በላይ ተከራክራለች። የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ395 ገደማ አንድ፣ በ420 ገደማ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ስለ ውሸት ጽፏል። አቋሙ ጠንካራ ነው፦ ሕይወት ለማዳንም ቢሆን መዋሸት ኃጢአት ነው፤ እግዚአብሔር ለአዋላጆቹ መልካም ያደረገው ስለ ምሕረታቸው እንጂ ስለ ውሸታቸው አይደለም። ካልቪንም የረዓብን ሥራ አመስግኖ ውሸቷን ነቅፏል። ሉተር ግን ባልንጀራን ከጥፋት ለማዳን የተነገረውን ቃል ለራስ ጥቅም ከተነገረ ውሸት ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀመጠውም። እኔ ገዳይ በሬ ላይ ቆሞ ቢጠይቀኝ ወንድሜን አሳልፌ አልሰጥም፤ ስለ መለስኩለት ቃልም በጌታ ፊት ቆሜ እጠየቃለሁ እንጂ “ረዓብም ብላለች” ብዬ አላመልጥም።

ሁለት እኅትማማቾች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆላንድ ውስጥ፣ ሃርለም በምትባል ከተማ የሚኖር ቴን ቡም የሚባል የሰዓት ሠሪ ቤተሰብ ነበር። አማኞች ናቸው። ጀርመኖች አይሁድን እያደኑ ሲወስዱ እነርሱ በቤታቸው ይደብቁ ነበር። በኮሪ መኝታ ክፍል ውስጥ ሌላ ግድግዳ ተሠርቶ ከጀርባው ሰው የሚቆምበት ጠባብ ቦታ ተበጀ። ያ ግድግዳ ራሱ ውሸት ነበር፤ “ከእኔ በኋላ ምንም የለም” የሚል ውሸት። እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 1944 ፖሊሶች ቤቱን ሲወሩ ከግድግዳው ጀርባ የነበሩትን ስድስት ሰዎች አላገኟቸውም። ኮሪ ተደብድባ እንኳ ቦታውን አልተናገረችም። የ84 ዓመቱ አባቷ ከታሰሩ ከዐሥር ቀን በኋላ ሞቱ። እኅቷ ቤትሲ በዚያው ዓመት መጨረሻ በራቨንስብሩክ ማጎሪያ አረፈች።

ሌላዋ እኅታቸው ኖሊ ግን አልዋሽም የምትል ሴት ነበረች። በቤቷ ያለችውን ሴት “አይሁዳዊት ናት ወይ?” ብለው ሲጠይቋት “አዎን” አለች። ሁለቱም ተወሰዱ። ኮሪ በዚህ ተቆጣች፤ መቆጣቷም የሚገባን ነው። የኖሊ እውነት በሌላ ሴት አንገት ላይ የተጣለ እውነት ነበርና። ከቀናት በኋላ ያቺ አይሁዳዊት ከሌሎች እስረኞች ጋር በድብቅ ተዋጊዎች ነጻ ወጣች። ይህን ሰምተን “እግዚአብሔር እውነት የሚናገረውን ሁልጊዜ እንዲህ ያድናል” ብለን ሕግ እንዳንሠራ። እውነት ተናግረው ያልተረፉም፣ ዋሽተው ያልተረፉም ብዙ ናቸው።

ይህን ቤተሰብ ያነሣሁት እውነትም ቢሆን በሌላ ሰው ሒሳብ ሊነገር እንደሚችል ስላስተማረኝ ነው። ዋጋውን ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ውሸታሙን ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ነኝ ባዩንም ይፈትናል። ያም ሆኖ በዚያ ቤት ራሱን ለማዳን የዋሸ ሰው አልነበረም። የዋሸችውም እውነቱን የተናገረችውም ወደ እስር ቤት ገብተዋል።

የእኛም አባቶችና እናቶች ይህን ያውቁታል። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ፤ ምእመኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሆኖ በስውር ማምለኩን ቀጠለ። መደበቅ ነበረ፤ ጌታን መካድ ግን ሌላ ነገር እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቀርቦላቸው አልቀበልም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። ከእነዚህ ሰዎች ልጆች መካከል ተቀምጠን ስለ ውሸት ስንወያይ ቢያንስ ልናፍር ይገባል።

የእኛ መስተዋት ኖብ ነው

ራሳችንን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መፈለግ ካለብን ከኢያሪኮ ይልቅ ወደ ኖብ እንሂድ። 1ኛ ሳሙኤል 21 ላይ ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ ብቻውን ወደ ካህኑ ይመጣል። ካህኑ ይፈራል፤ “ለምን ብቻህን?” ይለዋል። ዳዊትም ንጉሡ በምስጢር እንደ ላከው ይነግረዋል። ካህኑ አመነው። የተቀደሰውን እንጀራና የጎልያድን ሰይፍ ሰጥቶ ሸኘው። ዳዊት አመለጠ። ግን ኤዶማዊው ዶይቅ እዚያ ነበር፤ ሄዶም ለሳኦል ተናገረ። በምዕራፍ 22 ሳኦል 85 ካህናትን አስገደለ፤ የኖብ ከተማ ሴቶችና ሕፃናትም በሰይፍ አለቁ።

ያ ካህን እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? ምናልባት ዳዊትን ይረዳው ነበር፤ ምናልባትም ቤተሰቡን ይዞ ይሸሽ ነበር። ምርጫው ግን የእርሱ ነበር። ዳዊት የወሰደበት ይህን ምርጫ ነው። ውሸት የሚሠራውም ይህንኑ ነው፦ ሌላውን ሰው ሳይጠይቀው በማያውቀው ዕዳ ዋስ ያደርገዋል። የዳዊትን ታላቅነት ግን ልብ በሉ። ከእልቂቱ ያመለጠው አብያታር ሲነግረው “ሳኦል ክፉ ስለ ሆነ ነው” አላለም። የአባትህ ቤት የሞተው በእኔ ምክንያት ነው ብሎ አመነ።

አሁን የእኛን እንቁጠር። አልጋ ላይ ተኝተን “መንገድ ላይ ነኝ” ስንል ከፋዩ ታክሲ ፌርማታ ላይ ዝናብ የሚመታው ጓደኛችን ነው። ይህ ትንሹ ነው። ፈተና ስንኮርጅ ከፋዩ ሌሊቱን በሻማ ሲያጠና ያደረው ልጅ ነው። ኩረጃን ለመከላከል ሲባል የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ለውጤቱ ብዙ ምክንያት ይኖረዋል። ነገር ግን ከዚያ በፊት በየትምህርት ቤቱ መልስ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ ከሚያሳልፉት እጆች መካከል እሑድ በአምልኮ የሚነሡ እጆች አልነበሩም?

ውጭ አገር ያለ ወንድም “ስለ እምነቴ ተሰድጃለሁ ብዬ ላመልክት፤ የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ብቻ ጻፉልኝ” ይላል። አዝነንለት እንጽፋለን። ከፋዩ ማን ነው? ነገ በእውነት ስለ ጌታ ስም ተደብድቦ የሚመጣውና ማንም የማያምነው ሰው ነው።

አንድ ወንድም ለአንዲት እህት “ሚስቴ እንደምትሆኚ ጌታ ተናግሮኛል” ይላታል። ጌታ አልተናገረም፤ እርሱ ነው የወደዳት። “ወድጄሻለሁ” ቢል እምቢ ልትለው ትችላለች፤ እምቢታዋን የመሸከም ዋጋ የእርሱ ይሆናል። “ጌታ” ሲል ግን ዋጋውን ወደ እርሷ ያዞረዋል፤ አሁን እምቢ የምትለው እግዚአብሔርን መስሎ ይታያታል። በመድረክ ላይ ሐኪም ያላረጋገጠውን ፈውስ “ተረጋግጧል” ብሎ የሚመሰክርም አለ። ጉባኤው “ሃሌሉያ” ይላል። ከፋዩ በዚያ ቀን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰማውና ቤቱ ሲደርስ መድኃኒቱን መውሰድ ያቆመው ሕመምተኛ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር “ለጌታ ክብር” ብሎ መጥራት እንዴት ይቻላል?

“የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ”

ከሁሉ የሚከፋው ውሸት ግን በኮሚቴ የሚዋሸው ነው። ሉተርን ከላይ አንሥቼዋለሁ፤ በዚህም ላንሣው። የሄሴው ገዢ ፊሊፕ የመጀመሪያ ሚስቱ በሕይወት እያለች ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ፈለገ። ሉተርና ጓደኞቹ በምስጢር ፈቀዱለት። እ.ኤ.አ. በ1540 ነገሩ ሲወጣ ሉተር “ይካድ” አለ፤ ለቤተ ክርስቲያን ጥቅም ሲባል የሚነገር ውሸት በእግዚአብሔር ፊት ከባድ እንዳልሆነ ተከራከረ። ባልንጀራን ለማዳን በተከፈተው ጠባብ በር የራስን ስም ማዳን ተከትሎ ገባ። ያ ታላቅ ሰው ከወደቀ እኛ ማን ነን?

እኔ ማን እንደ ሆንኩ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በነበርኩበት አጥቢያ የወጣቶች ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ለኮንፍረንስ ከተሰበሰበው ገንዘብ ላይ ጎደለ። የያዘው ወንድም የቤት ኪራይ አስጨንቆት፣ “እመልሰዋለሁ” ብሎ ወስዶ ነበር። ለኮሚቴው እያለቀሰ ነገረን። እኛም አዘንንለት፤ ማዘናችን መልካም ነበር። ከዚያ ግን “ይህ ቢሰማ ወጣቱ ይሰናከላል፣ የጌታም ስም ይሰደባል” ተባለ። በሪፖርቱ ላይ “በቆጠራ ጊዜ የተፈጠረ ስሕተት” ብለን እንድንጽፍ ተስማማን። አንድ ሰው ሲያመነታ ረዓብን የጠቀስኩለት እኔ ነኝ። ሪፖርቱን የጻፈውም የእኔ እጅ ነው።

ገንዘቡን የቆጠረችው ግን አንዲት እህት ነበረች። ስሟን ማንም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገም። ማን እንደ ቆጠረ ሁሉም ያውቃል። ሰው በፊቷ አልተናገራትም፤ መባ ስትሰበስብ ግን የሚከተሏት ዐይኖች ነበሩ። በሦስት ወር ውስጥ መምጣት አቆመች። ገንዘቡ ተመለሰ፤ እርሷ ግን አልተመለሰችም።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቼ ቤቷ ሄድኩና ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ “ያን ቀን ሦስት ጊዜ ቆጥሬው ነበር። እናንተ ስትሉ ግን ራሴን ተጠራጠርኩ፤ እስከ ዛሬ ብር ስቆጥር እጄ ይንቀጠቀጣል” አለችኝ። ለሽማግሌዎች ተናገርን፤ እውነቱም በጉባኤ ፊት ተነገረ። ይቅርታ አደረገችልኝ። ወደዚያች አጥቢያ ግን አልተመለሰችም፤ ዛሬ ሌላ ቦታ ታመልካለች። የጌታን ስም አዳንን ብለን አንዲት የጌታን ልጅ ከፈልን። ረዓብ ሰው ለማዳን ራሷን አስያዘች፤ እኛ ራሳችንን ለማዳን ሰው አስያዝን።

“ታዲያ ሁሉን እንዘርግፈው?”

“እንዲህ ከሆነ ምስጢር የሚባል ነገር አይኑር ማለትህ ነው?” የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ለማያገባው ሰው አለመናገር ውሸት አይደለም። ጌታ ራሱ በሄሮድስ ፊት አንድ ቃል አልመለሰም። የጀርመኑ መጋቢ ዲትሪሽ ቦንሆፈር በናዚ እስር ቤት ሆኖ እውነትን ስለ መናገር ሲጽፍ አንድ ልጅ በምሳሌ አነሣ፦ መምህሩ በክፍል ፊት “አባትህ ሰክሮ ይመጣል ወይ?” ሲለው ልጁ እውነቱን ክዶ “አይመጣም” ይላል። ቦንሆፈር ጥፋቱ የመምህሩ ነው ይላል፤ የመጠየቅ መብት የሌለውን ጠይቋልና። ልጁ የአባቱን ቤት ነው የጠበቀው።

ደግሞም እውነትን እንደ ድንጋይ የሚወረውሩ አሉ። የጓደኛቸውን ውድቀት በጸሎት ርእስ ስም ይዘረዝሩና “እውነት አይደለም እንዴ?” ይላሉ። እውነት ነው። ግን ዋጋውን የምትከፍለው እርሷ ነች፤ እናንተ ወሬውን ብቻ ነው ያተረፋችሁት። ጳውሎስ በኤፌሶን 4፥25 ሐሰትን አስወግዱ ሲል ምክንያቱን ይናገራል፤ እርስ በርሳችን ብልቶች ነንና። ዐይን እግርን “ጉድጓድ የለም” ብሎ ቢያታልለው የሚወድቀው አካሉ በሙሉ ነው። ዐይንም አብሮ ይወድቃል።

እኛን ብዙ ጊዜ የሚያስዋሸን ፈርዖን አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። “ምን ይሉኛል?” የሚባል ንጉሥ አለን፤ በየቀኑ በራችንን ያንኳኳል፤ እኛም በየቀኑ አንድ ሰው አሳልፈን እንሰጠዋለን። አባቶቻችን “እውነት ተናግረህ ከመሸብህ እደር” ሲሉ እውነት መንገድ ላይ ሊያስመሽ እንደሚችል አውቀው ነው። ማምሸቱን አልሸሸጉንም።

የአንድ ሌሊት ሁለት መልሶች

ማርቆስ 14ን ስታነቡ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ግቢ ሁለት ሰዎች ሲጠየቁ ታያላችሁ። ጌታ በሊቀ ካህናቱ ፊት ለሐሰት ምስክሮች ዝም አለ። ማንነቱን ሲጠየቅ ግን ነኝ ብሎ መለሰ፤ መልሱ መስቀል እንደሚያመጣበት እያወቀ። ከታች በግቢው ደግሞ ጴጥሮስ እሳት ይሞቃል። የጠየቀችው ንጉሥ አይደለችም፤ አንዲት ገረድ ነች። ጴጥሮስም “አላውቀውም” አለ። በዚያ ቃል ማንንም አላዳነም፤ ከራሱ ቆዳ በቀር።

እኛ ረዓብን አይደለንም፤ እሳት ዳር የተቀመጠውን ጴጥሮስን ነን። ይህን ማመን ይከብዳል፤ ግን ወንጌሉ ያለው እዚህ ነው። የጴጥሮስን ውሸት ዋጋ የከፈለው ከላይ የቆመው ጌታ ነው። በኋላም በባሕሩ ዳር ሌላ እሳት አንድዶ፣ ስለ ፍቅሩ ሦስት ጊዜ ጠይቆ መለሰው። ውሸታችንን “ውስብስብ ነው” ብለን ከተከላከልንለት ይህን ምሕረት እንዴት እናገኘዋለን? ጴጥሮስ ጠበቃ አልፈለገም፤ ወጥቶ አለቀሰ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጥናት ረዓብ ስትነሣ፣ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት በቅርቡ የተናገራችሁትን አንድ ቃል አስቡ። ዋጋውን ማን ከፈለ? ስሙ ትዝ ካላችሁ፣ እስከ እሑድ አትጠብቁ። ዛሬ ደውሉለት። ሒሳቡ የእናንተ ነው፤ ውሰዱለት።